ባለተራ የሌለው ማሳ

ጥር 13

ዛሬ የእህቴ ልጅ ያይኔአበባ የጥቁር ውሃ መስኖ ማኅበርን የውሃ ተራ ወደ ኮምፒውተር አስገባችው። እንዲህ ብዬ ስጽፈው ትልቅ ነገር ይመስላል፤ ትልቅ ነገርም ነው። እስከ ትናንት ድረስ ከጅጋ በታች ካለው ቦይ የሚጠጣ ማሳ ሁሉ በየአሥር ቀኑ የሚደርሰውን ተራውን የሚያውቀው ከውሃ አባቱ ከአያ ላቀው አፍ ነበር። ማለዳ ቦዩ ራስ ላይ ይቆሙና "የእገሌ ተራ!" ብለው ይጣራሉ። ያልሰማ፣ ወይም ሰምቶ ያልሰማ የሚመስል፣ ከጎረቤቱ ጋር አካፋ ይማዘዛል። ከዛሬ ጀምሮ ተራው ለየባለማሳው በስልክ መልእክት ይገባል።

የጻፈችው በፓይተን ነው። ፓይተን እኔም አውቃለሁ። ፍኖተ ሰላም ባለችው የስልክና የሬዲዮ መጠገኛ ሱቄ ውስጥ ደንበኛ ሲጠፋ፣ ከሰው ፍላሽ የቀዳሁትን መጽሐፍ እያነበብኩ ብቻዬን የተማርኩት ነው። እሷ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጣ ተማረች፣ እኔ ሱቄ ተቀምጬ። ይህን ስነግራት "ልዩነቱ ጋሼ፣ እኔን ፈትነውኛል" አለችኝ። ምላሷ የእናቷ ነው።

ለአያ ላቀው ስታስረዳ ጆሮዬን ጣል አድርጌ ነበር።

"እያንዳንዱ ማሳ እንደ ሰው ነው አያ። ስም አለው፣ ስፋት አለው፣ ከላይ ጎረቤት፣ ከታች ጎረቤት አለው፣ ባለተራ አለው። ፕሮግራሙ 'ባለተራህ ማን ነው?' ብሎ ይጠይቀዋል። ማሳው ይመልሳል።"

"ማሳው መናገር ከጀመረማ እኔን አሰናብቱኝ" አሉ አያ ላቀው። ሲስቁ ግን አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ አስግገው ነበር።

እነዚያን ነገሮች ፓይተን አትሪቢዩት ይላቸዋል። እኔ ኪስ እላቸዋለሁ። የማሳው ኪሶች። የሷ ደግሞ በአማርኛ የተሰፉ ናቸው፤ ኮዱ ውስጥ "ማሳ" እና "ባለተራ" ብላ በፊደላችን ጽፋቸዋለች። እንደሚቻል አላውቅም ነበር። እንደማላውቅ ግን አልነገርኳትም።

ጥር 20

ክንፈሚካኤልን ቀበርን። እኩያዬ ነበር። ሕመሙ ሳምንት አልሞላም።

ለሚስቱ ለአልጣሽ የተወላት ግማሽ ጥማድ ሽንኩርት ነው። ገና ራሱን እየቋጠረ ነው። የክረምቱ ዘር ከዚያ ነው፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ከዚያ ነው፣ ሌላ ነገር የላቸውም። በዚህ ፀሐይ ሽንኩርት ሁለት ተራ ካለፈው አለቀለት።

ከቀብር ስንመለስ የማኅበሩ ጸሐፊ የሽዋስ ወደ ጎን ሳበኝ። "የሱ ተራ ሲደርስ ስልኩ ላይ መልእክት ሊገባ ነው። የሞተ ሰው ይጠራል እንዴ? ስሙን ላጥፋው?"

"አጥፋው" አልኩት።

"በምትኩ የአልጣሽን ላስገባ?"

አብረውን የሚሄዱት ሁሉ ነቀፉት። አፈሩ ሳይደርቅ! ማሳውን ልትይዝ ቸኮለች ሊያሰኛት ነው? የሐዘን ቤት ማሳ አርባው እስኪወጣ ድረስ ባለተራ የለውም፤ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። ተራው ሲደርስ አያ ላቀው ከቦዩ ራስ "የሐዘን ቤት ውሃ!" ብለው ይጣራሉ፤ የላይኛውና የታችኛው ጎረቤት ተከፋፍለው ያጠጡታል። ሐዘንተኛው ከቤቱ አይወጣም፣ ማንም አይጠይቀውም፣ ውሃው ግን ይደርሳል። አገሬን የምወድበትን ምክንያት ንገረን ብባል ከዚህ እጀምራለሁ።

የሽዋስ አጠፋው። ቦታው ላይ ማንንም አላስገባም።

ጥር 25

ያይኔ ቡሬ ሄደች። አንድ ፋብሪካ ለሥራ ሊፈትናት ነው፤ ፀደይ የምትባል ጓደኛዋ ዘንድ ትሰነብታለች። ባጃጅ ውስጥ ሆና፦

"ጋሼ፣ አደራ። ፕሮግራሙን እንዳይነኩት።"

"እኔ? እኔ ምን ነክቼ አውቃለሁ?"

"የአባቴን ሬዲዮ።"

ባጃጁ ሄደ። ያ ሬዲዮ አሁንም ይሠራል። ትንሽ ያፏጫል እንጂ ይሠራል።

ጥር 28

አያ ላቀው ደወሉ። ዝርዝር አልወጣም። ለማንም መልእክት አልገባም። አያ ላቀውም አልተጣሩም፤ "ስልኩ ይጠራል" ብለው ተቀምጠው ኖሯል። ላይኞቹ ቦዩን ለራሳቸው ሰብረውታል። የክንፈሚካኤል የላይኛው ጎረቤት ቻላቸውና የታችኛው ባምላኩ ተያይዘዋል። የያይኔ ስልክ አይሠራም፤ ወደ ቡሬ ኔትወርክ የለም። ሱቁን ዘግቼ እየወረድኩ ነው።

ማታ።

ተመለስኩ። ደስ ብሎኛል፤ በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

ማኅበሩ ቢሮ ስደርስ ደጁ ላይ ሰው ሞልቷል። የሽዋስ ኮምፒውተሩን እንደ ታመመ ጥጃ እያየው ቆሟል። ስክሪኑ ላይ ቀይ የእንግሊዝኛ ክምር። እንዲህ ያለ ክምር ከታች ነው የሚነበበው፤ ይህን መጽሐፉ አስተምሮኛል። የመጨረሻዋ መስመር አትሪቢዩት ኤረር ናት፦ "ማሳ የተባለው ነገር ባለተራ የሚባል አትሪቢዩት የለውም።" አለቀ። የማን ማሳ? አይልም። ለምን ጠፋ? አይልም። ምን ይደረግ? አይልም። አንድ ማሳ ሳይመልስለት ሲቀር የሁሉንም ተራ ይዞ ወደቀ።

የሽዋስ የማንን ስም እንዳጠፋ ሁለታችንም እናውቃለን። የክንፈሚካኤል ማሳ ዛሬ ተራው ደርሷል፤ ባለተራ የሚባለው ኪስ ግን ጭራሽ የለውም።

አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ባለተራውን የሚጠይቀውን መስመር አገኘሁና ትንሽ ነገር ጨመርኩበት፦ ከሌለ ባዶ ቁጠርና እለፍ። ፓይተን ውስጥ ማሽኑ የማያነበው፣ ለሰው ብቻ የሚጻፍ ማስታወሻ ከመስመሩ ጎን ማስገባት ይቻላል። እጄ አላርፍ ብሎ "አትጩህ፣ ሰው ተኝቷል" ብዬ ጻፍኩበት።

አስነሳሁት። ዝርዝሩ ወጣ። ደጁ ላይ ያለው ሰው ኪስ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ። እልልታ ቀረው እንጂ ሠርግ ነበር። አያ ላቀው ትከሻዬን መቱኝ፤ ባምላኩ ጠላ አጠጣኝ፣ ቻላቸውንም ጠርቼ አስታረቅኳቸው።

በሃምሳ አምስት ዓመቴ! ያለ አስተማሪ!

የካቲት 2

ሰላም ነው። የሽዋስ "ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልወደቀም" አለኝ። ጅጋ ገበያ ላይ "ኢንጂነር" ብለው ጠሩኝ። ዞር አልኩ።

ለያይኔ ስትመጣ አስቄ እነግራታለሁ።

የካቲት 8

ገበያ ነው፣ ሱቁ ሰው በዛበት። ቻላቸው ባትሪ ሊቀይር መጣ። እስክፈታው ድረስ፦

"የአልጣሽ ሽንኩርት ቢጫ እያለ ነው።"

"በሽታ ይሆናል" አልኩት።

"ይሆናል። ውሃስ ባምላኩ ሳያጠጣው አይቀርም። ለኔ መልእክት አልገባልኝም።"

የካቲት 9

ባምላኩ ቻርጀር ሊገዛ መጣ። ስለ አልጣሽ ማሳ ነገር አነሳሁ። "ቻላቸው ያጠጣዋል" አለ። "ለሱ ገብቶለት ይሆናል፤ ለኔ አልገባልኝም። ድሮ አያ ላቀው ይጣሩ ነበር፣ አሁን ስልኩን ነው የምናየው።"

ሁለቱ ያሉትን እዚህ ጎን ለጎን ጻፍኩት። እንቅልፌ መጣ።

የካቲት 11

ወደ ማሳው ልወርድ አስቤ ነበር። ሥራ በዛ።

የካቲት 12

ዛሬም።

የካቲት 14

ያይኔ ከቡሬ መጣች። ቤት አልገባችም፤ ከአውቶቡስ ወርዳ በቀጥታ ማኅበሩ ቢሮ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ሱቄ በር ላይ ቆመች። ወንበር ሰጠኋት፣ አልተቀመጠችም።

"ጋሼ፣ 'አትጩህ፣ ሰው ተኝቷል' ማለት ምን ማለት ነው?"

ሳቅሁ። ሳቄ አገሬው የሚወደው ሳቅ ነው፤ እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ ትወደው ነበር። አልሳቀችም።

"ይነሱ። እንሂድ።"

መንገዱን ሙሉ ውጭ ውጭውን አየች። እኔ ስለ ቡሬ ጠየቅኋት፣ ስለ ፈተናው ጠየቅኋት፣ ስለ ፀደይ ጠየቅኋት። ከቦዩ ዳር ስንደርስ ማውራት ተውኩ።

በላይ በኩል ያሉት ጥቂት መደቦች ከቻላቸው ማሳ የሚሰርገው እርጥበት ይዟቸው አረንጓዴ ናቸው። ከዚያ በታች ያለው ቅጠሉ ወድቋል። አፈሩ ተሰንጥቆ ጣት ያስገባል። አንዱን ነቀልኩት፤ እንደ ነጭ ሽንኩርት ፍንካች ሆኖ ቀርቷል።

አልጣሽ ጥቁሯን ለብሳ ዳሩ ላይ ተቀምጣለች። ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ስትመለስ ዛሬ ገና ማየቷ ነው።

"አልጣሽ፣ ምነው ሳትናገሪ?" አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

"ምን ብዬ? ሐዘን ላይ ያለች ሴት 'ውሃዬስ' ብላ ትወጣለች?" ቀና ብላም አላየችኝም። "የአያን ጥሪ ሳጣው ተራውን የወሰዱብኝ መስሎኝ ነበር። ባል የለም፣ ተራም የለም ብለው።"

ያይኔ ጎኗ ተቀመጠች። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

የካቲት 15

ያይኔ ዛሬ ያለችኝን ሁሉ ልጽፈው እፈልጋለሁ፤ በደንብ ያለችው ነገር ነውና።

እራት በልተን አበቃን። እናቷ ልትተኛ ገባች። እኔ መጀመሪያ ተከራከርኩ። "አንች ልጅ፣ እኔ ባልደርስ ኖሮ እኮ በዚያ ቀን ሰው ይጋደል ነበር። ቦዩ ሙሉ ቆሞ ነበር።"

"እውነትዎ ነው" አለችኝ። ተንኮለኛ ናት፤ መጀመሪያ ትስማማለች። "ያ ስህተት ሲጮህ ክፉ አጯጯህ ነው የጮኸው። ማን ላይ እንደጎደለ አይናገርም፣ ሁሉንም ይዞ ይወድቃል። ያ የኔ ጥፋት ነው። ግን ጋሼ፣ እውነት ነበር የሚጮኸው። አንድ ነገር ጎድሎ ነበር። እርስዎ ያንን ዝም ሲያሰኙት የጎደለው አልሞላም። ማየታችን ነው የቀረው።"

"ባዶ ቁጠር ነው ያልኩት እንጂ…"

"እርስዎ ነዎት ኪስ ብለው ያስተማሩኝ። ባዶ ኪስና ኪስ አለመኖር አንድ ናቸው?"

አይደሉም። ባዶ ኪስ ያለው ሰው "የለኝም" ይልሃል። ኪስ የሌለው ሰው ግን ጥያቄህ ራሱ አይገባውም። እኔ ለፕሮግራሙ ኪስ በሌለበት ቦታ ባዶ ኪስ ሰፋሁለት። እሱም ባዶውን ስም ይዞ፣ ለባዶው ስም መልእክት ልኮ፣ ሥራዬን ጨረስኩ ብሎ አለፈ። ቻላቸው ባምላኩን አሰበ፣ ባምላኩ ቻላቸውን አሰበ፣ አያ ላቀው ስልኩን አሰቡ። አልጣሽ ደግሞ ሁላችንንም በክፉ አሰበች።

ያን ሁሉ እኔ ነኝ የጻፍኩት እንጂ እሷ አላለችም። እሷ የኪሱን ጥያቄ ጠይቃ ሳህኖቹን ይዛ ገባች።

የካቲት 17

የቀሩት መደቦች ሊተርፉ ይችላሉ፤ ግማሽ ያህሉ። የሚቀጥለው ተራ ካላለፋቸው። የሽዋስ ወሬ ይዞ መጣ፦ ማኅበሩ ቅዳሜ ይሰበሰባል። "ኮምፒውተሩን አውጥተን እንጣለው" የሚሉ በርክተዋል።

ያይኔ ከጠዋት ጀምሮ ኮምፒውተሩ ላይ ናት። ጎኗ ቁጭ ብዬ አየሁ። እውነቱን ልናገር፣ ከሷ አጠገብ ሆኖ ማየት ዓይነ ሥውር የነበረ ሰው ሲበራለት የሚያየውን እንደማየት ነው።

ፓይተን አንድ ኪስ ፈልጎ ሲያጣ፣ ከመውደቁ በፊት የሚያንኳኳት አንዲት የመጨረሻ በር አለች። ኪሱ ካለ አይመጣባትም፤ ከጠፋ ብቻ ነው። ብዙ ሰው በሯን ሳይከፍት ያልፋል። እኔ ደግሞ መኖሯን ሳላውቅ ዘጋኋት። ያይኔ እዚያች በር ላይ ሰው አቆመች። የሚያንኳኳውን "ምን አጣህ? ከማን ላይ? በጁ ያለው ሌላው ምንድን ነው? ማን ያውቅልሃል?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው።

ሁለት ዓይነት ጉድለት እንዳለም ለየች። "እኔ ኮዱን ስጽፍ ጣቴ ተሳስቶ የሌለ ኪስ ከጠራሁ፣ ያ የኔ ነውር ነው፤ እኔው ጋ ይጩህ፣ ይውደቅ። ሰው በሐዘን፣ በሥርዓት፣ ባለማወቅ ሳያስመዘግብ የቀረውን ግን ሰውን ነው መጠየቅ። ገበሬን በእንግሊዝኛ አልሰድበውም።" አንዱ ማሳ ሲጎድልም እሱ ብቻውን ወደ ጎን ይወጣል፤ የሌላው ተራ ይቀጥላል። የጎደለው ግን አይረሳም፣ ሰው እስኪመልስለት ደጋግሞ ይጠይቃል።

የመጀመሪያውን መልእክት ጮክ ብላ አነበበችልኝ፦

"የክንፈሚካኤል ቤት ማሳ ባለተራ አልተመዘገበለትም። ቤቱ ሐዘን ላይ ነው። ከላይ ቻላቸው፣ ከታች ባምላኩ አሉ። ነገ የሚያጠጣው ከሁለታችሁ ማን ነው? ስማችሁን መልሳችሁ ላኩ። ካልመለሳችሁ አያ ላቀው ይነገራቸዋል።"

"አያ ላቀው ሲጣሩ ከሚሉት ይረዝማል" አልኳት።

"እሳቸው ሲጣሩ የማን ቤት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ስልክ አያውቅም፣ ስለዚህ ይናገር።"

የካቲት 19

እስቲ ልሰብረው ብዬ ተነሳሁ። ለራሷ ጥቅም ነው፤ ያልተፈተነ ነገር ስብሰባ ላይ አይቀርብም።

የእናቷን ማሳ ስፋት አጠፋሁ። "የዚህ ማሳ ስፋት አልተመዘገበም። የለካው የማኅበሩ ጸሐፊ የሽዋስ ነው፤ እሱን ጠይቁ" አለኝ። ደህና።

የላይኛውን ጎረቤት አጠፋሁ። የታችኛውን ጠቅሶ መለሰልኝ።

ከዚያ ማንም ሊያስበው የማይችል ነገር ፈለግሁ። ማሳውን ጢሙን ጠየቅሁት። ጢም! እንዲህ ብሎ መለሰ፦

"ማሳ ጢም የሚባል ነገር የለውም። ያለው ስም፣ ስፋት፣ ከላይ፣ ከታች፣ ባለተራ ነው። ይህን የጠየቁት ጋሼ ከሆኑ ሻይዎ እየቀዘቀዘ ነው።"

ዞር ስል ሻዬ እውነትም ጠረጴዛው ላይ ቀዝቅዟል፤ እሷ ደግሞ ጀርባዋን ሰጥታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ከተመለሰች ወዲህ ስትስቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከኛ ቤት መወለዱ! እናቷ እንኳ አንድ ቀን በቀልድ ቀድማኝ አታውቅም።

የካቲት 22

ስብሰባ። ከማኅበሩ ቢሮ ደጅ፣ ጥላው ሥር።

ላይኞቹ ጀመሩ። "በአፍ ሲጠራ የኖረ ውሃ በአፍ ይጠራ!" ባምላኩ ሽንኩርቱን እንዳላየ ሲምል ቻላቸው ደግሞ እንዳየ ግን የውሃ ጥማት እንዳልመሰለው ማለ። አንዱ ከኋላ ጮኸ፦ "ያበላሸው ሰው ይነሳና ይናገር!"

ያይኔአበባ ተነሳች።

"ፕሮግራሙ የኔ ነው። ባለተራ የሌለው ማሳ ሊኖር እንደሚችል አላሰብኩም፤ አገሬ ላይ አድጌ የሐዘን ቤት ውሃን ረሳሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

እኔም ልነሳ ነበር። ጉልበቴ ያዘኝ። ከማለዳ ጀምሮ ጉልበቴ ደህና አልነበረም።

ቀጥሎ አልጣሽ ከሴቶቹ መካከል ተነሳች። ሐዘንተኛ ስብሰባ ላይ ስትናገር አይተን ስለማናውቅ ሰዉ ሁሉ ወደሷ ዞረ።

"የዚህችን ልጅ ጥፋት ሰማሁ። የናንተስ? ቻላቸው፣ ከብትህን ስትነዳ በማሳዬ ዳር ነው የምታልፈው። ባምላኩ፣ ያንተ ውሃ በኔ ቦይ ነው የሚመጣው። ስልኩ አልነገረንም ትላላችሁ። ሽንኩርቱ ቢጫ ሆኖ ሲነግራችሁ አልሰማችሁም? አያ፣ እርስዎስ ጉሮሮዎ ታሞ ነበር?"

አያ ላቀው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"እኔ ወደ ድሮው መልሱ አልልም" አለች። "ድሮም አያ ቢታመሙ ይቀርብኝ ነበር። ግን ከእንግዲህ ሲጎድል ይናገር። ዝም የሚል ከሆነ ከነስልኩ ጣሉት።"

እስከ ፋሲካ እንዲሞከር ተወሰነ። አያ ላቀውም ስልኩ ተናገረም አልተናገረም የሐዘን ቤት ውሃን በአፋቸው ሊጣሩ ቃል ገቡ።

ስንመለስ ያይኔን "ጎበዝ ነሽ" አልኳት። "አመሰግናለሁ" አለችኝ። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 24

ለአልጣሽ አንድ ነገር ልነግራት ቤቷ ሄድኩ። ሬዲዮዋ አይሠራም ነበር። ጠገንኩላትና ተመለስኩ።

የካቲት 25

ያይኔ ፈተናውን አልፋለች፤ ከፋሲካ በኋላ ቡሬ ትገባለች። እናቷ አለቀሰች። እኔ ስለ ቡሬ ትንኝ ቀለድኩ። ፕሮግራሙን ማን እንደሚጠብቀው ጠየቅኋት።

"አንድ ሰው አስቤያለሁ" አለች። "ብዙ ይነካካል፣ ግን እየተማረ ነው።"

የካቲት 28

ማለዳ፣ ሱቁን ሳልከፍት፣ ስልኬ ጮኸ። ከማኅበሩ ቁጥር ነው። እኔ ማሳ የለኝም፣ ተራም የለኝም። ከፈትኩት።

"የክንፈሚካኤል ቤት ማሳ ዛሬ ተራው ነው፤ ባለተራ አልተመዘገበለትም። ቻላቸው ልጁን ሐኪም ቤት ወስዷል። ባምላኩ አልመለሰም። አያ ላቀው ቦዩ ራስ ላይ ናቸው፣ ብቻቸውን ናቸው። በመጨረሻ የሚጠየቁት ጋሼ ጌታሁን ነዎት። አካፋ ይዘው ይውረዱ።"

ያችን የመጨረሻ በር ሠርታ ስታበቃ ከበሩ ጀርባ ያቆመችው ሰው እኔ ነኝ! ማንም ሳይነግረኝ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ! ባጃጁ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። እንዲህ ያለ ተንኮል እኔ እንኳ ሃምሳ አምስት ዓመት ሙሉ አስቤው አላውቅም።

አያ ላቀው ከላይ ሆነው "የሐዘን ቤት ውሃ!" ይላሉ፤ ድምፃቸው ጅጋ ይደርሳል። ቦዩን ከፈትኩ። ሱሪዬን ወደ ላይ ጠቀለልኩ። ውሃው በመጀመሪያው መደብ ገባ፣ በሁለተኛው ገባ። የተሰነጠቀው አፈር ሲጠጣ ድምፅ አለው፤ አላውቅም ነበር።

አልጣሽ ድምፁን ሰምታ ወጣች። ከደጇ ላይ ሆና አየችኝ፣ ከዚያ ወረደችና ዳሩ ላይ ቆመች።

"አንተ! ሱቁን ማን ያዘልህ?"

"ዘግቼው መጣሁ።"

"ማን ላከህ?"

ስልኬን አውጥቼ መልእክቱን አነበብኩላት። እስቲ ድገመው አለችኝ። ደገምኩት። ቻላቸው የት እንዳለ፣ ባምላኩ አለመመለሱን፣ አያ ላቀው ብቻቸውን መሆናቸውን፣ አንድ በአንድ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ሰማች።

"ሁሉንም ይናገራል" አለች።

"ይናገራል።"

"ያን ጊዜስ ምን ብሎ ነበር?"

"ያን ጊዜ ዝም ብሎ ነበር።"

"ለምን?"

ጉልበቴ ደህና ነበር። ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ነበር፣ የምሄድበትም አልነበረኝም። አካፋዬን ተከልኩና ነገርኳት። መስመሩን፣ ባዶውን፣ ጎኑ ላይ የጻፍኩትን ቀልድ ሳይቀር። ያይኔ ስብሰባው ላይ የተሸከመችው የኔ እንደሆነ ነገርኳት።

አልጣሽ የምታየው ውሃውን ነበር።

"ሦስተኛው መደብ ሞልቷል" አለች። "ዝጋና ወደ አራተኛው አዙረው። ባለፈው ተራም አራተኛውን ነው የዘለሉት።"

አዞርኩት።